ጨለማው ጌጥ ነው ወይስ ማስረጃ?

በቴሌቪዥን ድራማ ዓለም «ኖርዲክ ኑዋር» ተብሎ የሚጠራው ዘውግ፣ ማለትም በዴንማርክ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በአይስላንድ ጸሐፍትና አዘጋጆች እጅ ያደገው፣ አንድን ግድያ በውርጭ፣ በጨለማና በዝምታ መካከል ቀስ ብሎ የሚመረምረው የድራማ ዓይነት፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተወለደበት አካባቢ ወጥቶ ብዙ አገሮችን ሲያዳርስ ሁለት ትችቶች ከኋላው ሳይለዩት ቆይተዋል። የመጀመሪያው ድራማው ይንቀረፈፋል፣ በአንድ ሰዓት ሊያልቅ የሚችለውን ነገር በአሥር ሰዓት ይናገራል የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፤ ጨለማውና ቅዝቃዜው ከታሪኩ የመነጩ ሳይሆኑ የታሪኩን ባዶነት ለመሸፈን የተጋረዱ ናቸው፣ ተመልካቹም ጭጋጉን እንደ ጥልቀት፣ የመርማሪውን ኩርፊያ እንደ ሐሳብ እንዲቆጥር ይደረጋል ባይ ነው። ሁለቱም ትችቶች እውነት የሚሆኑባቸው ሥራዎች አይጠፉም። ይሁንና ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ጥያቄ ድራማው ምን ያህል ጨለመ ወይም ምን ያህል ዘገየ የሚለው ሳይሆን፣ የአየር ጠባዩ በወንጀሉና በምርመራው ውስጥ አንዳች ሥራ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ነቀምቴ ይህን ጥያቄ ለመመዘን ከብዙ ከተሞች ይልቅ የተመቸች ናት።

የዘውጉ ሥር መጽሐፍ ነው። ስዊድናውያኑ ማይ ሾዋልና ፔር ቫሉ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ድረስ ማርቲን ቤክ የተባለውን መርማሪ ይዘው አሥር ልብ ወለዶችን በጋራ ሲጽፉ፣ ዓላማቸው ገዳዩን ማስያዝ ብቻ አልነበረም፤ ለዜጎቹ ሁሉን አሟልቻለሁ የሚለው ሥርዓት ከሥሩ ምን እንደሚደብቅ በፖሊስ መዝገብ በኩል ማሳየትም ነበር። ሄኒንግ ማንኬል በ1991 የጀመረው የመርማሪ ኩርት ዋላንደር ተከታታይ መጽሐፍም በዚያው መንገድ ሄዶ የስደተኛ ጥላቻን ዋና ጉዳዩ አደረገ። (ስዊድን ለነቀምቴ ሰው እንግዳ አገር አይደለችም፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱትና በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ የተማሩት በስዊድን ሚሲዮን ነው።) ይህ የማኅበራዊ ሒስ ባህል ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ከሁሉ በላይ ተጽዕኖ ያሳደረው በጥር 2007 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ መታየት የጀመረው «ፎርብሪደልሰን» ነው። የአንዲትን ወጣት ግድያ በሃያ ክፍሎች የተከታተለው ይህ ድራማ ለምርመራው ከሰጠው ጊዜ ያላነሰ ለሟቿ ወላጆች ሐዘን ሰጠ። ዝግታው ከዚህ የመጣ ነበር። ልቅሶ በአንድ ቀን እንደማያልቅ፣ ከሠልስቱ በኋላ ቤቱ ባዶ ሲቀር ደግሞ ይበልጥ እንደሚከብድ ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህን ዝግታ መረዳት አያዳግትም።

አሜሪካውያን ይህንኑ ሥራ «ዘ ኪሊንግ» በሚል ርእስ እንደገና ሲሠሩት ታሪኩን ወደ ሲያትል ወስደው በዝናብ ሞሉት። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የተመሰገነው ድራማ በሰኔ ወር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገዳዩን ሳይገልጥ በመዝጋቱ ብዙ ሐያስያን በግልጽ ተቆጡ፤ ተመልካቹ ተታለለ እስከማለት የደረሱም ነበሩ። ቁጣው በመጨረሻው ክፍል ላይ ያተኩር እንጂ መነሻው ቀደም ያለ ነው። ዝናቡ በየትዕይንቱ ይወርዳል፤ መርማሪዎቹ ይረጥባሉ፤ መስታወቱ ላይ ውኃ ይንቆረቆራል፤ ነገር ግን ዝናቡ በአመዛኙ ለድባብ የቀረበ ስለሆነ ተመልካቹ ለትዕግሥቱ የሚያገኘው ምላሽ ገዳዩን ማወቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሲነፈግ ሌላ የቀረለት ነገር አልነበረም። የሲያትል የዓመት ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከነቀምቴው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በሐምሌ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የተጓዘ ሰው ያንን ድራማ ቢያየው በዝናቡ መብዛት የሚደነቅ አይመስልም፤ የሚደነቀው ዝናቡ ማንንም አለማገዱ ነው።

በአንጻሩ በ2015 እ.ኤ.አ. የቀረበው የአይስላንዱ «ትራፕድ» የአየር ጠባይን በአግባቡ ያሠራ ሥራ ነው። በአንዲት የወደብ ከተማ አቅራቢያ ከባሕር ውስጥ የተቆራረጠ አስከሬን ይወጣል፤ በዚያው ሰዓት የበረዶ ማዕበል የተራራውን መንገድ ስለሚዘጋው ከዋና ከተማዋ ሊመጡ የነበሩት የምርመራ ባለሙያዎች ይቀራሉ፤ የወደቧ መርከብም ተሳፋሪዎቿን ይዛ ትታገዳለች። በዚህ የተነሣ ልምዱና መሣሪያው የሌለው የአካባቢው ፖሊስ ጉዳዩን ብቻውን ለመያዝ ይገደዳል። እዚህ ላይ በረዶው ቢወጣ ታሪኩ አይኖርም። መገለል ምን እንደሚያስከትል የምዕራብ ወለጋ ነዋሪ በልብ ወለድ ሊማረው አያስፈልገውም፤ በ2012 ዓ.ም. ከጥር ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት መገባደጃ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአካባቢው ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የዘመድን ሞት መስማት እንኳን መልእክተኛ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ክርክሩ ጫፍ የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «ትሩ ዲቴክቲቭ» የሚለውን ተከታታይ ድራማ አራተኛ ምዕራፍ «ናይት ካንትሪ» በሚል ርእስ ከጥር 14 ጀምሮ በስድስት ክፍሎች አቀረበ። ድርሰቱንም ዝግጅቱንም በዋናነት የያዘችው ሜክሲኳዊቷ ኢሳ ሎፔዝ ስትሆን፣ ዋናዎቹን መርማሪዎች ጆዲ ፎስተርና የቀድሞዋ የቦክስ ሻምፒዮን ካሊ ሪስ ተጫውተውታል። ታሪኩ የሚፈጸመው ኤኒስ በተባለች ምናባዊ የአላስካ ከተማ ነው፤ ቀረጻው ግን በአይስላንድ ተካሂዷል። ዘመኑ ፀሐይ ለሳምንታት ጨርሳ የማትወጣበት ወቅት ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ጀንበር በታኅሣሥ ወር ከጠለቀች በኋላ በአንድ የምርምር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ ስምንት ሳይንቲስቶች ይሰወራሉ፤ በኋላም አብዛኞቹ እርቃናቸውን፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ በበረዶ ደርቀው ይገኛሉ። ከእነሱ ጉዳይ ጋር ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት የተገደለች፣ የማዕድን ማውጫውን ብክለት ትቃወም የነበረች የአካባቢው ተወላጅ አዋላጅ መዝገብ ይያያዛል።

ሐያስያን በአብዛኛው ሥራውን ተቀበሉት፤ የፎስተርን ትወና ያላመሰገነ ማግኘት ያስቸግራል፤ ድራማው ለ19 የኤሚ ሽልማቶች ሲታጭ እሷም በዚያው ዓመት መስከረም የዋና ተዋናይት ሽልማቱን ወስዳለች። ተመልካቹ ግን ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በ2014 የጻፈው ኒክ ፒዞላቶ አዲሱ ሥራ ከእሱ ታሪክ ጋር ለመተሳሰር ያደረገውን ጥረት በይፋ አጣጣለ። ሎፔዝ በበኩሏ ሥራዋን የመጀመሪያው ምዕራፍ ተቃራኒ ነጸብራቅ አድርጋ እንዳሰበችው ተናግራለች፤ ያኛው በሉዊዚያና ሙቀትና ፀሐይ ውስጥ ያሉ ወንዶችን ሲያሳይ ይኸኛው በጨለማና በቅዝቃዜ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ያሳያል። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ክፍል ሴቶቹን መቃወሙን በቁም ነገር መመለስ አያስፈልግም። ሌላው ክፍል ግን በቁም ነገር መታየት ያለባቸው ሦስት ነጥቦች አሉት፤ ምርመራው ይጎተታል፣ የመናፍስት ምልክቶች ማስረጃን ይተካሉ፣ መፍትሔውም በመርማሪዎቹ ብልሃት ሳይሆን በሌሎች ሰዎች ኑዛዜ ይገኛል የሚሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ ሚዛን አይደፋም። የደረቁት አስከሬኖች ከበረዶው ጋር አንድ ግግር ሆነው ስለነበር ሐኪም ሊመረምራቸው የሚችለው ቀስ በቀስ ከቀለጡ በኋላ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ወደ ከተማዋ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ተወስደው ቀናት እንዲጠበቁ ተደረገ። መርማሪዋ ፈልጋ አልዘገየችም፤ ሬሳው አልቀለጠላትም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ሲያጠኑት የነበረው ነገር ከማይቀልጠው አፈር ውስጥ የሚወጣ ጥንታዊ ሕይወት ሲሆን፣ የማዕድኑ ብክለት መሬቱን ስለሚያለሰልስላቸው ብክለቱ እንዲቀጥል መፈለጋቸው የወንጀሉ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ምክንያትም፣ መሣሪያም፣ እንቅፋትም ነው።

ድራማውን ገና ያላየ አንባቢ ይህንና ቀጣዩን አንቀጽ ሊዘላቸው ይችላል፤ ሦስተኛው ነጥብ ያለ ፍጻሜው ሊመረመር አይችልምና። በመጨረሻው ክፍል እንደሚገለጠው ሳይንቲስቶቹ አዋላጇን ገድለዋታል፤ ይህንን የደረሱበት ደግሞ ጣቢያውን የሚያጸዱ የከተማዋ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ተሰብስበው፣ መሣሪያ ይዘው፣ ወንዶቹን ወደ በረዶው ነዷቸው። መርማሪዎቹ እውነቱን የሚሰሙት በአንዲት ሴት ቤት፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ እንደ ተረት በሚነገር ቃል ሲሆን፣ ሰምተውም ዝም ይላሉ፤ የሟቾቹ መዝገብ በአየር ጠባይ አደጋ ይዘጋል። ብዙ ተቺዎች ይህን የመርማሪ ታሪክ ሕግ መጣስ አድርገው ወሰዱት፤ ምክንያቱም በዘውጉ ልማድ እውነትን የሚያወጣው ብቸኛው መርማሪ ነው፣ ማኅበረሰቡ ደግሞ የሚዋሽ ወይም የማያውቅ ነው።

ከኢትዮጵያ የፍትሕ ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን ይህ ፍጻሜ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ተአማኒ ነው። በአማራውና በሸዋ አገር «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» ይባል የነበረው የምርመራ ሥርዓት፣ ማን እንደፈጸመው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢውን ነዋሪ በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደየቤቱ እንዳይመለስ የሚያደርግ ነበር። የሥርዓቱ መሠረታዊ እምነት አንድ ነው፤ ሰፈሩ ያውቃል፣ የሚያስፈልገው እንዲናገር ማድረግ ነው። (በጎኑ የነበረው «ሌባሻይ»፣ መድኃኒት የተሰጠውን ልጅ ተከትሎ እሱ የወደቀበትን ቤት የሌባ ቤት ማለት፣ ከማስረጃ ይልቅ ፍርሃትን የሚያመርት አሠራር ስለነበረ መቅረቱ የሚያስቆጭ አይደለም።) በኦሮሞ ባህል ደግሞ ነፍስ ሲጠፋ የሚፈጸመው «ጉማ»፣ በአገር ሽማግሌዎች መካከለኛነት የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሳ ከፍሎ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት፣ የሚጀምረው ገዳዩ ድርጊቱን ሲያምን ነው። የመርማሪ ድራማ ኑዛዜን መጨረሻ ያደርገዋል፤ ጉማ ግን መጀመሪያ። ስለዚህ የኤኒስ ሴቶች ያወቁትን ይዘው መቆየታቸው፣ በመጨረሻም በራሳቸው ፈቃድ ለመረጡት ሰው መናገራቸው፣ ለወለጋ ተመልካች የድርሰት ድክመት ሆኖ ላይታየው ይችላል። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሴቶቹ የፈጸሙት በቀል እንጂ እርቅ አይደለም፣ መርማሪዎቹም ዝም በማለታቸው ሕግም ባህልም ያልዳኘው የነፍስ ጉዳይ በበረዶው ሥር ይቀራል። ድራማው ይህን ሸክም እንደ ድል አድርጎ ማቅረቡ ከተቺዎቹ ብዙም ያልተነሣ፣ ግን ሊነሣ የሚገባው ጉድለት ነው።

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። ከተገደለችው ሴት የተቆረጠው ምላስ ከስድስት ዓመት በኋላ በምርምር ጣቢያው ወለል ላይ እንዴት ተገኘ የሚለው ጥያቄ ታሪኩን የሚያስጀምር ማስረጃ ሆኖ ሳለ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ የተወሰደው የጠመዝማዛ ምልክት፣ የዚያው ምዕራፍ መርማሪ አባት መንፈስ ሆኖ መታየቱ፣ ለነባሩ ተመልካች የተወረወሩ ማባበያዎች ናቸው እንጂ ለጉዳዩ አንዳች አይጨምሩም። በአካባቢው ሰው እምነት የሙታን መኖር እውነት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ እሱን በአክብሮት ማሳየት ይቻላል፣ ድራማውም አንዳንዴ ይሳካለታል። ነገር ግን መንፈስ ማስረጃ ሲያቀብል ምርመራው ሌባሻይ ይሆናል። ጨለማው ሥራውን ትቶ ጌጥ የሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የወንጀል ምርመራ ታሪክ አንባቢና ተመልካች አላጣም። ይልማ ሀብተየስ የመርማሪ ልብ ወለድን በአማርኛ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ ማሞ ውድነህ በትርጉም ያቀረባቸው የስለላ መጻሕፍትም ብዙ አንባቢ ነበራቸው። በቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ አበበ ባልቻ በተጫወተው አስናቀ አማካይነት አገሩን ሁሉ ከመስኮቱ ፊት አስቀምጦ ነበር፤ እዚያ ግን ተመልካቹ ክፉውን ሰው ከመነሻው ስለሚያውቀው ጥያቄው «ማነው?» ሳይሆን «መቼ ይያዛል?» የሚል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ካቀረባቸው የውጭ ድራማዎች መካከል «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ሥራ ፖሊሱን ዑመርን ወደ ብዙ ቤት አስገብቷል። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ያን ጊዜ የተቃወሙት ገበያቸው እንዳይወሰድ ሰግተው ነው፤ ሥጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋናው ችግር ግን የአገር ውስጡ ድራማ በአመዛኙ ከሳሎንና ከቢሮ አለመውጣቱ ነው። በሳሎን ውስጥ የአየር ጠባይ የለም፤ የአየር ጠባይ ከሌለ ደግሞ ቦታ የለም፤ አዲስ አበባም ሆነ ነቀምቴ፣ ሶፋው አንድ ነው።

ወለጋ ለዚህ ዘውግ የምታቀርበው ነገር ግን ብዙ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የነሐሴ ዶፍ በአንድ ግቢ ውስጥ የተጮኸን ጩኸት ጎረቤት እንዳይሰማው ያደርጋል፤ ይህ የምስክርን ቃል የሚወስን እውነታ ነው። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ዱካን ይይዛል፣ ሌሊቱን ሲዘንብበት ያጥበዋል፣ ከጫማና ከልብስ ጫፍ ግን በቀላሉ አይለቅም። የዴዴሳና የአንገር ወንዞች ሲሞሉ የሚገለሉ ቀበሌዎች አሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲለቀም በነጋዴው እጅ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ፣ በዩብዶ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ የተቆፈረው ፕላቲኒየም፣ በምዕራብ ወለጋ መሬት ውስጥ ያለው ወርቅ፣ እያንዳንዳቸው ለወንጀል በቂ ምክንያት የሚሆኑ ናቸው፤ የኤኒስ ማዕድን ማውጫ ከእነሱ የሚበልጥ ድራማዊ ነገር የለውም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ሕጉ ራሱ የዝናቡን ሥራ ማወቁ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲያዝ፣ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን የጉዞ ጊዜ ከዚህ ውጪ ያደርገዋል። መንገድ በጭቃ በተዘጋበት ሳምንት አንድ ተጠርጣሪ በገጠር ጣቢያ ስንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል የሚለው እንግዲህ የሕግ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የዝናብም ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከ14 ቀን ያልበለጠ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ይህም ለድራማ ጸሐፊ ከውጭ መዋስ የማያስፈልገው የጊዜ ገደብ ነው። የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዓመታት በዋናነት በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይካሄድ ስለነበር፣ ከነቀምቴ ተነሥቶ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልትና በጭጋግ የሚጓዝ አስከሬን፣ የሚጠብቀው ዘመድና ቀጠሮው የሚያልቅበት መርማሪ፣ ሦስቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ድራማ ቢዘገይ ማንም ተንቀረፈፈ ሊለው አይችልም፤ የዘገየው መንገዱ ነውና።

እንግዲህ በነቀምቴም ሆነ በአዲስ አበባ የድራማ ጽሑፍ የሚቀበሉ ጣቢያዎች፣ የአማርኛውም የኦሮምኛውም፣ ቀጣዩን የወንጀል ድራማ ጽሑፍ ሲያነቡ አንድ መመዘኛ ቢጠቀሙ ይበጃል። ዝናቡን ከጽሑፉ አውጥተው ታሪኩን እንደገና ያንብቡት፤ አንድም ነገር ካልተለወጠ ለጸሐፊው ይመልሱለት።